እየመጣ ያለ የአሸዋ ክምር፦ ከማጠር በፊት መለካት

ጥያቄው፦ «አቡ ዳቢ፣ ሊዋ አካባቢ ባለ የተምር እርሻ ላይ ነው የምንሠራው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሚሆን የአሸዋ ክምር አለ። ከአጥራችን 60 ሜትር ያህል ይርቃል። ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ የብሎኬት አጥር ተሠራ። በ8 ወር ውስጥ አሸዋው እስከ አጥሩ ጫፍ ሞልቶ ወደ ውስጥ መፍሰስ ጀመረ። ክምሩ ግን ገና እዚያው ነው። ይሄ ነገር በእውነት ይሄዳል? ስንት ጊዜ አለን? አንዱ ውሃ እርጩበት ይላል፣ ሌላው አጥሩን ከፍ አድርጉት ይላል። በዚያውም፣ የእኛ አፋር እንዲህ ያለ የአሸዋ ተራራ የሌለው ለምንድን ነው?»

ምላሽ፦

«ክምሩ ግን ገና እዚያው ነው» ያላችሁት የመልሱን ግማሽ ይዟል። አጥራችሁን የቀበረው ክምሩ አይደለም፤ ከክምሩ ቀድሞ የሚደርስ፣ በጠፍ ሜዳው ላይ እንደ ጎርፍ የሚፈስ አሸዋ ነው። ክምሩም ይመጣል፣ ግን በራሱ ፍጥነት። ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው ወይ ዕድሜ ልኩን አጥር ሲያስረዝም ይኖራል፣ ወይ ክምሩን በሎደር አስነሥቶ በዓመቱ ያው አሸዋ ሲመለስበት ግራ ይገባዋል።

ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ብትቆሙ አሸዋው ቁርጭምጭሚትና ባት ይገርፋል እንጂ ፊት ላይ እምብዛም አይደርስም። ፊት ላይ የሚደርሰው አቧራ ነው። አቧራ ከ0.06 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ተንሳፍፎ ባሕር ያቋርጣል። የክምር አሸዋ ግን ፍሬው ባብዛኛው ከ0.15 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነፋስ ያነሣዋል እንጂ ተሸክሞት አይሄድም። አንዷ ፍሬ ትነሣለች፣ ትወረወራለች፣ ስትወድቅ ሌሎችን መትታ ታስነሣለች። ከሚጓዘው አሸዋ ሦስት አራተኛው ያህል እንዲህ እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ ቀሪው ተለቅ ያለ ፍሬ በሚዘሉት እየተገፋ መሬት ለመሬት ይንፏቀቃል። ዝላዩ ለስላሳ አሸዋ ላይ ከጉልበት በታች ነው። ጠጠርና ድንጋይ ላይ ሲሆን ግን ፍሬዋ እንደ ኳስ ትነጥራለች፣ እስከ ሰው ቁመት የምትደርስበትም ጊዜ አለ። ይህችን ልዩነት ያዟት፤ የክምር አፈጣጠር ያለው እዚህ ላይ ነው። በጠንካራ መሬት ላይ እየነጠረ በፍጥነት የመጣ አሸዋ አንድ ለስላሳ የአሸዋ ቁራጭ ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ያጣና እዚያው ይቀራል። አሸዋ ያለበት ቦታ ተጨማሪ አሸዋ የሚስበው፣ በመካከሉ ያለው ሜዳ ደግሞ ተጠርጎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋሱ ደረቅ አሸዋ ማንሣት የሚጀምረው በ10 ሜትር ከፍታ ሲለካ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ ግን ሰው እንደሚገምተው አይደለም። እንግሊዛዊው የጦር መሐንዲስ ራልፍ ባግኖልድ በ1930ዎቹ በግብፅና በሊቢያ በረሃ ከተዘዋወረ በኋላ ለንደን ውስጥ በነፋስ ዋሻ ሞክሮ ያሳየው ዛሬም ይሠራበታል፦ የሚጓዘው የአሸዋ መጠን በነፋሱ ፍጥነት ኩብ ልክ ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አሸዋው ስምንት እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። የዓመቱን አሸዋ አብዛኛውን የሚያመጡት ጥቂት ኃይለኛ ቀናት የሆኑት ለዚህ ነው። በእናንተ በኩል እነዚህ ቀናት ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው የሸማል ቀናት ናቸው፤ በጁንና በጁላይ ይበረታል፣ በብርዱ ወራትም ለጥቂት ቀናት ይመጣል። ከብርዱ ወራት ሸማል በፊት ከደቡብ የሚነፍስ ነፋስ ስላለ አጥር ሲታሰብ እሱም አይረሳ።

ብዙ ሰው የነፋሱን አቅጣጫ አሸዋው ላይ ካሉት ትንንሽ ሞገዶች ያነባል። እነዚያ የጣት ርዝመት ያህል የሚራራቁ መስመሮች የሚነግሯችሁ የመጨረሻውን ነፋስ ብቻ ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣሉ። የዓመቱን ዋና ነፋስ የሚናገረው የክምሩ ቅርጽ ነው። ግማሽ ጨረቃው፣ ባርካን የሚባለው፣ ነፋሱ ባመዛኙ ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ፣ አሸዋው ጥቂት ሲሆንና መሬቱ ጠንካራ ሲሆን የሚፈጠር ነው። ሁለት ቀንዶቹ ነፋሱ ወደሚሄድበት ያመለክታሉ። ነፋሱ ከሁለት አቅጣጫ ሲፈራረቅ ክምሩ ይረዝምና ዓረቦቹ ሰይፍ የሚሉት ይሆናል። ከየአቅጣጫው ሲነፍስ ደግሞ እንደ ኮከብ ክንዶች አውጥቶ ወደ ላይ ያድጋል፤ ኮከቡ ብዙም ስለማይሄድ ጎረቤት ቢሆን አያሰጋም። እናንተ የደረሳችሁ ግን ከሁሉም ተጓዡ ነው።

እስቲ ክምሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ነፋስ የሚመታው ፊቱ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል የተንጋለለና ጠጠር ያለ ነው፤ ሰው ሲሄድበት እግሩ ብዙ አይሰምጥም። ጀርባው ግን ገደል ነው። ፍሬዎቹ ፊቱን ወጥተው አናቱ ላይ ሲደርሱ ከጀርባ ነፋስ ስለሌለ እዚያው ጫፍ ሥር ይወድቃሉ፣ ይጠራቀማሉ፣ ቁልቁለቱ 34 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በቀጭን ምላስ ተንደው ይወርዳሉ። ከዚህ በላይ የሚቆም ደረቅ አሸዋ የለም። እዚያው ሊዋ ያለው ትልቁ ክምር፣ ታል ሙረይብ፣ «50 ዲግሪ ቁልቁለት አለው» ተብሎ በየቦታው ይጻፋል፤ በስልካችሁ የማዕዘን መለኪያ ብትሞክሩት ራሳችሁ ታርሙታላችሁ። ክምር የሚሄደው እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ከፊቱ ይሸረሸራል፣ በጀርባው ይናዳል። ሙሉው ክምር ራሱን ገልብጦ ገልብጦ ይጓዛል።

ጀርባው ላይ የደረሰ አሸዋ ወጥመድ ውስጥ እንደገባ ነው፤ ከክምሩ አይወጣም። በቀንዶቹ በኩል ግን ገደል ስለሌለ አሸዋው ሳይያዝ ያመልጣል። ስለዚህ ከገደሉ ፊት ለፊት ያለው መሬት አንጻራዊ ጥላ ሲሆን ከሁለቱ ቀንዶች አቅጣጫ ያለው መሬት የአሸዋ ጅረት ነው። አጥራችሁን ሄዳችሁ እዩ፦ መጀመሪያ የሞላው በቀንዶቹ ትይዩና ከክምሩ ውጪ ባለው ክፍት ሜዳ በኩል፣ የሳሳው በክምሩ መሐል ትይዩ መሆን አለበት። እንዲያ ከሆነ ጉዳዩ ተረጋገጠ።

አሁን ወደ ቁጥር። የተቀበረው አጥራችሁ ሳታስቡት መለኪያ ሆኖላችኋል። 2 ሜትር ከፍታ ያለው ድፍን ግንብ ፊት ለፊት የሚከመረው አሸዋ እስከ ጫፍ ሲሞላ 12 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ መወጣጫ ይሠራል፤ ርዝመቱ 9 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የሦስት ማዕዘኑ ስፋት 2 ሲባዛ 9.5 ሲካፈል ለ2፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሜትር አጥር 9.5 ሜትር ኩብ አሸዋ። ይህ በ8 ወር ከመጣ በዓመት ወደ 14 ይሆናል። ለማቀድ 15 ሜትር ኩብ በሜትር በዓመት እንበል። የዓመቱን ኃይለኛ ወራት ያላካተተ 8 ወር ከነበረ ቁጥሩን ከፍ አድርጉት።

የክምሩ ፍጥነት ከዚሁ ይወጣል። በአናቱ የሚያልፈውን የዓመት አሸዋ ለክምሩ ቁመት ማካፈል ነው። 15 ለ4 ሲካፈል በዓመት 4 ሜትር አካባቢ። ነፋሱ ክምር ሲወጣ ስለሚፈጥን በአናቱ የሚያልፈው አሸዋ በሜዳው ከሚያልፈው ይበልጣል፤ ስለዚህ ከ4 እስከ 7 ሜትር ማለት ይሻላል። 60 ሜትር ለመሄድ ከ9 እስከ 15 ዓመት። ተመሳሳይ አሸዋ በሚፈስበት ቦታ 1 ሜትር ቁመት ያለው ትንሽ ክምር ግን ከእናንተው ክምር አራት እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ ትልቁን እያያችሁ ከኋላው የሚመጡትን ትንንሾች አትዘንጉ።

ግምቱን ወደ ልኬት ለመቀየር የሚያስፈልገው አምስት የብረት ችካል ብቻ ነው። ችካሎቹን በገደሉ ግርጌ ሳይሆን ከግርጌው 5 ሜትር ወደ እናንተ አርቃችሁ፣ ሦስቱን በመሐል፣ አንድ አንዱን በሁለቱም ቀንዶች ጫፍ ትይዩ ትከሉ። በየወሩ መጀመሪያ ከችካሉ እስከ ገደሉ ግርጌ ወይም እስከ ቀንዱ ጫፍ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩና ጻፉ። ግርጌው ላይ ከተከላችሁት በመጀመሪያው ሸማል ይቀበርና መለኪያው ይጠፋል። የአንድ ወር ንባብ ምንም አይነግራችሁም፤ የጁንና የጁላይ ንባብ ግን ከዓመቱ ግማሽ በላይ ሊሆን ይችላል።

«አጥሩን ከፍ አድርጉት» የሚለው ምክር ለምን እንደማይሠራ ከላይ ካለው ሒሳብ ይታያል። ድፍን ግንብ ነፋሱን ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ግርጌው ላይ ደግሞ አውሎ ይሠራል። መጀመሪያ አሸዋው ግንቡን ሳይነካ ትንሽ ራቅ ብሎ ይከመራል፤ በመካከሉ ባዶ ቦይ ስለሚታይ ሰው «ሠራ» ብሎ ይደሰታል። ቦዩ ሲሞላ ግንቡ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ መወጣጫ ይሆናል፣ አሸዋውም ሳይደክም ያልፋል። ከዚህ ሌላ የብሎኬት አጥር የአሸዋ ግፊት እንዲሸከም አልተሠራም። በአንድ ጎን 2 ሜትር አሸዋ ተደግፎት፣ ላዩ ላይ ሌላ ብሎኬት ቢጨመርበት ተሰንጥቆ ይወድቃል፤ ከሥሩ ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው።

የሚያስፈልገው ነፋስ የሚያሳልፍ አጥር ነው። ከ40 እስከ 50 በመቶው ክፍት የሆነ አጥር ነፋሱን ሳያናውጥ ያዳክመዋል፣ የደከመው ነፋስ አሸዋውን ከአጥሩ በፊትም በኋላም ረጋ ባለ ጉብታ ያስቀምጠዋል። ገበያ ላይ የምታገኙት የጥላ መረብ፣ ሼድ ኔት የሚባለው፣ ለዚህ ይሆናል፤ ግን መጠኑን አይታችሁ ግዙ። እርሻ ቤት በብዛት የሚገኘው 80 በመቶ ጥላ የሚሰጠው ስለሆነ ከግንብ ብዙም አይለይም። የምትፈልጉት 50 በመቶ የሚለውን ነው። ወርዱ 1.5 ሜትር ከሆነ 30 ሳንቲ ሜትሩን መሬት ውስጥ ቅበሩት፣ 1.2 ሜትሩ ከላይ ይቀራል። ከታች ክፍተት እንዳትተዉ። ለበረዶ የሚሠራ አጥር ከታች ክፍት ይሆናል፤ አሸዋ ግን ዋና መንገዱ ከመሬት አጠገብ ስለሆነ ክፍተት ከተገኘ ነፋሱ በዚያ ተጨምቆ ይፈጥንና ምሰሶውን ከሥሩ ይቦረቡረዋል።

ምሰሶው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ፣ ርዝመቱ 2.5 ሜትር፣ 1 ሜትሩ በመሬት ውስጥ፣ በየ2 ሜትሩ አንድ። ለ100 ሜትር አጥር 51 ቧንቧ ይፈጃል። በሦስት መስመር 3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘርጉና መረቡን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እሰሩት፤ ነፋሱ መረቡን ምሰሶው ላይ ይጫነዋል። በጀርባ በኩል ከታሰረ ግፊቱ ሁሉ ማሰሪያው ላይ ያርፍና በመጀመሪያው ማዕበል ይቀደዳል። መረብ ከሌለ የራሳችሁ ተምሮች በዓመት ከ10 በላይ ዘንባባ እያንዳንዳቸው ይሰጧችኋል። ዘንባባውን 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቅ ቦይ ውስጥ አቁማችሁ፣ በሁለት አግድም እንጨት አስራችሁ፣ 5 ሜትር ራቅ ብላችሁ ስታዩት ግማሹ ሰማይ ግማሹ ዘንባባ እስኪመስል አሳሱት። የኦማንና የሰሜን አፍሪካ ገበሬዎች ከጥንት የሚሠሩት ይሄንኑ ነው። የደረቀ ዘንባባ ብቻ ተጠቀሙ፤ የግንድ ቁራጭ ቀይ የተምር ነቀዝ ሊያዛምት ይችላል። እሳትም ስላለ አጥሩን ከዛፎቹ አርቁት።

ቦታው ከቁመቱ ይበልጥ ያሳስባል። 1.2 ሜትር አጥር የሚያስቀምጠው ጉብታ ወደ ነፋሱ 5 ሜትር፣ ወደ እናንተ 10 ሜትር ያህል ይዘረጋል፣ ቁመቱ ሲሞላ 1 ሜትር ገደማ ነው። ማለትም ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 7 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። አጥር መያዣ ነው፣ እንደ ጆንያ ይሞላል። 15 በሚመጣበት ቦታ 7 የሚይዝ አንድ ረድፍ በግማሽ ዓመት አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ረድፍ፦ አንደኛው ከብሎኬቱ 42 ሜትር፣ ሁለተኛው 18 ሜትር ላይ። በመካከላቸው 24 ሜትር፣ የአጥሩ ቁመት 20 እጥፍ። የመጀመሪያው ረድፍ ሦስት አራተኛው፣ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ሲሞላ ሳትጠብቁ በጉብታው አናት ላይ አዲስ 1.2 ሜትር መረብ ትከሉ። ሙሉ በሙሉ እስኪቀበር ከጠበቃችሁ መረቡን ስትጎትቱት ይበጣጠሳል። የጉብታው ቁመት እጥፍ ሲሆን የሚይዘው አሸዋ አራት እጥፍ ነውና አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ማድረግ ከ7 ወደ 28 ሜትር ኩብ ያወጣችኋል፤ ወደ ሁለት ዓመት ነው። ሁለተኛውን ረድፍ ግን ከፍ አታድርጉት። ቁመቱ ሲያድግ ጉብታው 20 ሜትር ይረዝምና ያው ብሎኬታችሁ ላይ ያርፋል። እሱ ከመጀመሪያው የሚያመልጠውን መያዣ ነው።

በብዛት የሚበላሸው ዳርና ዳር ላይ ነው። ነፋስ የአጥሩን ጫፍ ሲዞር ስለሚፈጥን እዚያ ይቦረቡራል፣ የተቦረቦረውን ወደ ውስጥ ያስገባል። አጥሩን ከምትከላከሉት ቦታ በሁለቱም ወገን 15 ሜትር አስረዝሙት። ለነፋሱ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይጋደም። አሸዋውን ወደ ጎን እናሻግረዋለን ብለው ሰያፍ አጥር የሚሠሩ አሉ፤ ነፋሱ 20 ዲግሪ ሲዞር ነገሩ ይበላሻል፣ ያም ባይሆን አሸዋው ጎረቤት ላይ ይደርሳል።

ክምሩ ራሱስ? ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አጥር ተክሎ የሚበላውን አሸዋ መከልከል ብቻውን አያቆመውም። በቀንዶቹ እየፈሰሰ ይከሳል፤ ሲከሳ ደግሞ፣ ከላይ እንዳያችሁት፣ ይፈጥናል። ፊቱን ማሰር ያስፈልጋል። ለዚህ ርካሹና የተፈተነው ዘዴ የሣር ዳማ ነው። ቻይናውያን በ1950ዎቹ በሻፖቱ አካባቢ የባቡር ሐዲዳቸው በአሸዋ እንዳይዋጥ የሠሩበት ነው፤ ሐዲዱ በ1958 ተከፍቶ ዛሬም ይሠራል። የስንዴ ገለባ መሬት ላይ በመስመር ይዘረጋል፣ መሐሉ በአካፋ ተመትቶ አሸዋው ውስጥ ይገባል፣ ሁለቱ ጫፎች ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብለው ይቆማሉ። መስመሮቹ ተጠላልፈው 1 ሜትር በ1 ሜትር አራት ማዕዘን ይሠራሉ። ለአንድ ሄክታር እስከ 6 ቶን ገለባ ይሄዳል። የክምራችሁ ፊት 40 በ30 ሜትር ከሆነ 720 ኪሎ ይበቃል፤ የተምር ቅጠልም ያው ይሆናል። አራት ማዕዘኑን ከ1 ሜትር አስፍቶ ገለባ መቆጠብ አያዋጣም፣ መሐሉ ይቦረቦራል። ዳማው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይበሰብሳል።

አንድ ብልሃት አለ። የክምሩን ፊት ሙሉውን ካሰራችሁት 4 ሜትር ክምር እንደሆነ ይቆማል። የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ ብቻ አስራችሁ አናቱን ክፍት ብትተዉት ግን ነፋሱ አናቱን እየቀረፈ ወደ ጀርባው ያወርደዋል። የታችኛው ስለማይከተል ክምሩ እየጠፈጠፈ ይሄዳል። ለጥቂት ዓመታት ከጀርባ የሚወርደውን የመጀመሪያው ረድፍ አጥር ይቀበለዋል። ሎደር የሚሠራውን ነፋሱ በነፃ ሠራላችሁ።

ዛፍ የሚተከለው ከሁለተኛው አጥር በኋላ ነው፤ ባልታሰረ አሸዋ ላይ የተተከለ ችግኝ ወይ ሥሩ ይገለጣል ወይ አንገቱ ይቀበራል፣ ቅጠሉንም የሚዘለው አሸዋ ይልጠዋል። ጋፍ የሚባለው የአገሩ ዛፍ ሥሩ ከ30 ሜትር በላይ ይወርዳል። ታማሪስክ፣ ዓረቦቹ አትል የሚሉት፣ ጨዋማ ውሃ ይችላል፣ አሸዋ ሲቀብረውም እየረዘመ ይወጣል። ሳዑዲዎች ከ1962 ጀምሮ የአል አሕሳን ተምር ከአሸዋ የተከላከሉት በእሱ ነው። ችግኙ እስኪያዝ ሁለት ዓመት የጠብታ መስኖ ይፈልጋል። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የሚባለውን ከውጭ የመጣ ዛፍ ግን አትትከሉ። በፍጥነት ማደጉ ያማልላል፤ አዋሽ ሸለቆ ላይ የአፋርን የግጦሽ መሬት እንዴት እንደወረረው ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፣ እዚያም ከጋፉ ጋር ለውሃ ይሻማል።

ውሃ መርጨት እውነት አለው፤ ጥቂት በመቶ እርጥበት ያለው አሸዋ አይነሣም። ችግሩ ላዩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፣ ለነፋስ ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ደረቅ አሸዋ ይበቃዋል። 1,200 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሚሊ ሜትር መርጨት በየቀኑ 6,000 ሊትር ነው፣ በሐሩር ወራት ፀሐይ የሚያገለግለው ግን ለግማሽ ቀን ነው። የጨው ውሃ ቅርፊት ስለሚሠራ ትንሽ ይሻላል፤ ግን ግመል ወይም ሰው ረግጦ የሰበረበት ቦታ ነፋሱ ይገባና ከውስጥ ይቦረቡረዋል። በነገራችን ላይ ዝናብ ከዘነበ ወራት ካለፉ በኋላም እጃችሁን ክምሩ ውስጥ እስከ ክርን ብታስገቡ እርጥበት ታገኛላችሁ። ላዩ ያለው ደረቅ አሸዋ ከታች ያለውን ውሃ ከፀሐይ ይከላከለዋል። በምሥራቅ ሳዑዲ የነዳጅ ሰዎች በአንድ ወቅት ክምር ላይ ድፍድፍ ዘይት ይረጩ ነበር፤ ያቆማል፣ ግን የተምር እርሻ አጠገብ የሚታሰብ አይደለም።

ሎደር ማምጣት ካለባችሁ፣ 4 ሜትር ባርካን ከ1,000 ሜትር ኩብ በላይ ሊሆን ይችላል። በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ ከ60 ጉዞ በላይ ነው። ሎደሩ መጀመሪያ የሚጠቅመው የብሎኬቱን መወጣጫ ከጁን በፊት ለማንሣት ነው። የተነሣው አሸዋ ወደ ሰሜን ምዕራብ እንዳይጣል፤ ሾፌሩ ቅርብ ስለሆነ እዚያ ነው የሚገፋው፣ በወሩ ይመለሳል። ከእርሻው ደቡብ ምሥራቅ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይደፋና በ3 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ይሸፈን። ለግንባታም የሚገዛ አታገኙ፣ በጣም ደቃቅና አንድ ዓይነት ፍሬ ስለሆነ ለኮንክሪት አይመችም።

የገደሉን ግርጌ በአካፋ አትቆፍሩ። እርጥብ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆምና ሲደርቅ ያለ ድምፅ ይናዳል፤ እስከ ወገብ የተቀበረን ሰው በእጅ ጎትቶ ማውጣት አይቻልም። ተከላውን በፌብሩዋሪና በማርች ጨርሱት። ሸማሉ ከመጀመሩም ሌላ፣ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከ6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ ማሠራት በኤምሬትስ ሕግ ክልክል ነው። ከአጥራችሁ ውጪ ያለው መሬት የሌላ ሊሆን ስለሚችል ባለ እርሻው መጀመሪያ ፈቃድ ይጠይቅ።

የአፋሩ ጥያቄ። በረሃ ማለት አሸዋ አይደለም፤ ከሰሐራ እንኳ አሸዋ የለበሰው ሩብ ያህሉ ነው፣ ቀሪው ጠጠርና አለት ነው። ክምር እንዲኖር ነፋስ ብቻ አይበቃም፣ የአሸዋ ምንጭ ያስፈልጋል። ሩብ አልኻሊ፣ ከሊዋ ወደ ደቡብ የሚዘረጋው የዓረብ ምድር ትልቁ የአሸዋ በረሃ፣ 650,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን አሸዋ የያዘው ከምዕራብ ተራሮች ጥንታዊ ወንዞች ስላመጡለት ነው። ከዚህም ሌላ ከ20,000 ዓመት በፊት ባሕሩ 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለነበር አማካይ ጥልቀቱ 35 ሜትር ብቻ የሆነው የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ደረቅ ሜዳ ነበር፣ ሸማሉም የዚያን ሜዳ አሸዋ ወደ ደቡብ ነድቶታል። ከባሕሩ አጠገብ ያለው አሸዋ የነጣው የዛጎል ስባሪ ስላለበት ነው፤ ወደ ሊዋ የሚቀላው ፍሬውን የብረት ዝገት ስለለበሰው ነው። የአፋር መሬት ደግሞ ባመዛኙ ባዛልት ነው። ባዛልት ሲፈርስ ጭቃና ጥቁር ስብርባሪ እንጂ እንደ ግራናይት ጠንካራ የኳርትዝ ፍሬ አይሰጥም። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው የዳሎል ሜዳ ደግሞ መሬቱን የሸፈነው ጨው ነው፤ ጨው ቅርፊት ሠርቶ ያለውንም አፈር ያስረዋል። እዚያም እዚህም ነፋስ ያከማቸው አሸዋ አይጠፋም፣ የኤርታሌን መንገድ የሄደ ሹፌር ጎማው የሰመጠበትን ቦታ ያሳያችኋል፤ ተራራ ለመሆን ግን የሚበቃ አሸዋ የለውም።